ከሁሩሙ እስከ ባሕር ማዶ

በታሪክ ክበብ ተማሪዎች

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፥ ለመጽሔቱ የሚሆን አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ክበባችን ታዝዞ ነበር። ስለ ምን እንጻፍ በሚለው ነገር ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ተከራከርን። እኩሌቶቻችን ስለ ሶር ፏፏቴ፥ እኩሌቶቻችን ስለ ቡናችን ይሁን አልን። በመጨረሻ ክርክሩን የቈረጠው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የ12ኛ ክፍል ጓደኞቻችንን «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ብዙዎቹ ሳያመነቱ «ውጭ አገር ሄጄ እማራለሁ» ብለው መለሱልን። በማን ገንዘብ፥ በምን መንገድ፥ ተመልሶስ መምጣት አለ ወይ ብለን ስንቀጥል ግን መልሱ አጠረ። እኛም ይህ ምኞት ከየት እንደ መጣ፥ ከእኛ በፊት ከዚህ አገር ማን እንደ ሄደና የሄደው ምን እንዳገኘ መርምረን እንጽፍ ዘንድ ተስማማን።

አንባቢ እንዳይቸገር አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። ዓመቱን የምናስቀምጠው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በሚሆንበት ስፍራ ሁሉ «እ.ኤ.አ.» እንላለን።

በአሁኑ ዘመን ልጅን ለባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ በማዘጋጀት ነገር ብዙ የሚወራላቸው የቻይና ወላጆች ናቸው። የቤይጂንግ ወይም የሻንግሃይ ሰው ገንዘብ ካለው፥ ልጁን ገና ፊደል ሳይለይ በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ የአገሩን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ትቶም ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ፈተና ያዘጋጀዋል። ጋዎካዎ ለሚባለው ለዚያ ለአገሩ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2024 የተመዘገቡት ተማሪዎች ከ13 ሚሊዮን በላይ ስለ ነበሩ፥ ወላጆቹ ሌላ በር ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ700,000 የሚበልጡ ቻይናውያን ለትምህርት ከአገራቸው ወጥተዋል።

ነገር ግን ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ዩንግ ዊንግ የሚባል ቻይናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 በአሜሪካ ከዬል ኮሌጅ ተመርቆ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፥ መንግሥቱን ብዙ ዘመን ለምኖ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ በየዓመቱ 30 ልጆች፥ በአራት ዓመት 120 ልጆች ወደ አሜሪካ እንዲላኩ አስደረገ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ነበሩ። ወላጆቻቸው ልጁ ለ15 ዓመት እንደማይመለስ፥ በዚያ ቢሞትም መንግሥት እንደማይጠየቅበት በሚናገር ወረቀት ላይ ፈረሙ። ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ «እናቴ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ትፈርም ይሆን?» ብላ ጠየቀች፤ መልስ የሰጣት አልነበረም። ልጆቹ በኮኔቲከትና በማሳቹሴትስ በአሜሪካውያን ቤት አደጉ፤ ቤዝቦል መጫወት ለመዱ፤ ጠባያቸውም ተለወጠ። ይህን የሰሙት የቤተ መንግሥት ሹማምንት «እነዚህ ከእንግዲህ ቻይናውያን አይደሉም» በማለት ስለ ፈሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1881 ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አስመለሷቸው። ትምህርቱን ከጨረሱት ከጥቂቶቹ አንዱ ዣን ቲያንዩ፥ ከቤይጂንግ ወደ ዣንግጂያኮው የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ በኋላ ዘመን ሠርቷል።

እነዚህን ሁለት ዓመታት፥ 1872ንና 1881ን፥ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን። አሁን ወደ ኢሉባቦር እንመለስ።

ከመቱ ወደ በደሌ የሚሄድ ሰው በሁሩሙ በኩል ያልፋል። በአውቶቡስ ስናልፍ አብዛኞቻችን ሁሩሙን የምናውቃት ሙዝና ቡና በሚሸጡ ሴቶች ብቻ ነው። ከዛሬ ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን በዚሁ በሁሩሙ አቅራቢያ ሂካ የሚባል ልጅ ተወልዶ ነበር። አባቱ አዋጂ የሞተው ልጁ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፥ እ.ኤ.አ. በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ እጅ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እስከ ስምንት ጌታ ድረስ ቈጠረ፤ ስሙም ተለውጦ ነሲብ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንሲንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣውና በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በዚያም ፊደል ቈጠረ፤ ከሁሉ የላቀ ተማሪ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ከጌታው ቤት ወጥቶ ወደ ጳውሎስ የመጣው የባሪያው ስም ነው። የቻይና ልጆች የመጀመሪያው ክፍል ወደ አሜሪካ በመርከብ የተሳፈረውም በዚሁ ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚሲዮኑ ወደ ስዊድን ላከው። በስቶክሆልም አጠገብ ዮሐንሉንድ በሚባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ «አንቱ» ልንላቸው ይገባል፤ እስካሁን «አንተ» ያልነው ልጅ ስለ ነበሩ ነው።

እንግዲህ ከኢሉባቦር ምድር ተወልደው በአውሮፓ ከፍ ያለ ትምህርት ከተማሩት ሰዎች ቀዳሚ ሆነው የምናውቃቸው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። የላኳቸው ወላጆቻቸው አይደሉም። እናታቸው በወረቀት ላይ አልፈረሙም፤ የጠየቃቸውም የለም። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ «ባይሸጡ ኖሮ ባልተማሩ» እያለ እንደ ዕድል ሲናገር ሰምተናል። እኛ ይህን አንቀበልም። በዚያው መንገድ ተነድተው ፊደል ሳያዩ የጠፉት የሁሩሙ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ የቈጠረ የለምና።

የኦኔሲሞስ ችግር ከዚህ በኋላ ተጀመረ። ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ወገኖቻቸው ለመግባት ቢነሡ መንገዱ ሁሉ ተዘጋባቸው። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው እስከ አሶሳ ደረሱ፤ ከዚያ ማለፍ ስላልተቻለ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሁለተኛም ሞክረው እስከ እንጦጦ ቢደርሱ ወደ ምዕራብ የሚያሳልፋቸው አላገኙም። ስለዚህ በምጽዋ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ነው፥ እኛ ከሁሉ በላይ ያስገረመን ነገር የተገለጠው። ስዊድንኛን የሚያውቁት ኦኔሲሞስ የእናታቸው ቋንቋ ጐደለባቸው። በልጅነታቸው ስለ ተወሰዱ የአዋቂ ሰው ኦሮምኛ፥ የሽማግሌ ምሳሌ፥ የሴቶች ዘፈን በአፋቸው አልነበረም። ይህን ያሟላችላቸው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። እርሷም ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ የዳነች ናት። አስቴር ወደ 500 የሚደርሱ ዘፈኖችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና እንቈቅልሾችን ጻፈች። ከነዚሁ ብዙዎቹን የያዘው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። ሐዲስ ኪዳን ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 በኦሮምኛ ወጣ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በመጽሐፉ ላይ የኦኔሲሞስ ስም ሲታወቅ የአስቴር ስም ብዙ ዘመን ሳይነሣ መቅረቱን የክበባችን ሴት ተማሪዎች ሳናነሣው እንድናልፍ አልፈቀዱልንም።

ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በነቀምት ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ አስተማሩ፤ ተከሰሱ፤ ተከለከሉ፤ ደግሞ ተፈቀደላቸው፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1931 ዐረፉ። ሂካ የሚለው የልጅነት ስማቸው በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ይህን ስናነብ የወላጅ ስም አወጣጥ ትንቢት ነው የሚሉት አያቶቻችን ትዝ አሉን።

ኦኔሲሞስ በስዊድን በነበሩበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ከኢትዮጵያ ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት በጣም ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በአጋጣሚ የሄዱ ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ሕንድ ገብተው በሕክምና ተማሩ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት አጠኑ፤ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው።

አባት ልጁን አስቦና አቅዶ ማዘጋጀት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፥ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ የባዕድ ቋንቋ በአገር ውስጥ መማር ተቻለ። ከዚያ በላይ የፈለገ ሰው ልጁን ወደ ግብፅ ይልከው ነበር። በእስክንድርያ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመው ቪክቶሪያ ኮሌጅ በእንግሊዝ ሥርዐት ያስተምር ስለ ነበር፥ በዚያ የተማረ ልጅ ወደ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻለዋል። ዛሬ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የምንለው ለኢትዮጵያውያን በዚያን ጊዜ ይህ ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለንም።

በዚህ ነገር ከአባቶች ሁሉ የሚጠቀሱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው የቤተ ክህነት ልጅ ነበሩ፤ የአውሮፓ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ነገር ግን በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው አባ ወሎ መሪነት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። እዚህ ላይ ደስ ያለን፥ እኚህ ደጃዝማች ናደው፥ በኋላ ራስ የተባሉት፥ ጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን የገዙት መሆናቸው ነው። ኅሩይም የዓለምን ሁኔታ ባዩ ጊዜ ለልጆቻቸው ሌላ መንገድ መረጡ። ፈቃደ ሥላሴና ጆርጅ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው ወደ ካምብሪጅ ገቡ፤ ሲራክ ደግሞ በኦክስፎርድ ተማረ። ከአንድ ቤት ካምብሪጅና ኦክስፎርድ! ዛሬ ይህን የሚሰማ የሻንግሃይ አባት ቢኖር ይቀና ነበር።

ትልልቅ ሰዎች ብቻ ያደረጉት ነገር ነው እንዳይባል፥ የቄስ ልጅ የሆኑት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከምኒልክ ትምህርት ቤት ተነሥተው በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ፥ ቀጥሎም በፓሪስ ሕግ ተምረዋል። የወለጋው ተወላጅ ይልማ ዴሬሳም በቪክቶሪያ ኮሌጅ አልፈው የሎንዶን የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት ገብተዋል። ይሁን እንጂ እነዚህም ቢሆኑ በቤተ መንግሥት የሚያውቃቸው ነበራቸው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በጎሬ ገበያ ቡና ለቅሞ የሚሸጥ ገበሬ ልጁን ወደ እስክንድርያ አልላከም።

የሚያሳዝነው ግን፥ ቡናው እዚያው ሠፈር መድረሱ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ውል እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ስለ ተሰጣቸው፥ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ጀርባ ከጎሬ ደጋ ወርዶ፥ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ከዚያም ዓባይን ተከትሎ ወደ ግብፅ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው። ለቡናው የተከፈተው ይህ በር ለለቃሚው ልጅ አልተከፈተም። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

አሁን ወደ ጎሬ እንውጣ። ጎሬ ከመቱ ሩቅ ስላልሆነ ብዙዎቻችን ቅዳሜ ሄደን የምንመለስባት ከተማ ናት፤ አሁን ጸጥ ያለች ናት። በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ግን፥ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ በወደቀች ጊዜ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት የቀረበት ስፍራ ጎሬ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመንግሥቱን ሥራ ይዘው በዚያ ተቀመጡ፤ ልዑል ራስ እምሩም ወደዚያው መጡ። በነቀምት በኩል ደግሞ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት መኰንኖችና ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀ መንበሩ በእንግሊዝ የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ አወጡ፤ ምርኮኛ እንዳይበደል፥ ከአባላቱም ማንም አገሩን ጥሎ እንዳይሰደድ በዚያ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች ራስ እምሩን መሪ እንዲሆኑላቸው ጠይቀው አብረው ዘመቱ።

እነማን ነበሩ ብለን ስንመረምር የቪክቶሪያ ኮሌጁን ስም ዝርዝር ያነበብን መሰለን። ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ በዚያ ነበር፤ ይልማ ዴሬሳ በዚያ ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፥ በእንግሊዝ አገር በላፍቦሮ የምህንድስና ትምህርት የተማሩት ቢንያምና ዮሴፍም ነበሩ። በካምብሪጅ የተማረ ሰው የኛን የኢሉባቦርና የወለጋ ጭቃ ረግጦ፥ ዝናብ እየመታው፥ ስንቅ አልቆበት ሲሄድ እናስበዋለን። ጣልያኖች በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ገቡ። ራስ እምሩ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው በታኅሣሥ እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ፥ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ ጣልያኖች በተለይ የተማረውን ሰው እየፈለጉ ገደሉ። ፈቃደ ሥላሴ፥ ቢንያምና ዮሴፍ ተረሸኑ። ይልማ ለግዞት ወደ ጣልያን አገር ተወሰዱ። ሐኪም ወርቅነህ በዚያን ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። ሁለቱም አባቶች የልጆቻቸውን ሞት የሰሙት ልጆቹን ለትምህርት በላኩበት አገር ሆነው ነው። ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1938 በባዝ ከተማ ዐረፉ።

ስለዚህ ክፍል ብዙ ቃል አብዝተናል፤ ጎሬ ስለ ቀረበችን ነው። ከዚህ በታች ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የተማረ ሰው ፈጽሞ ስላጣ፥ ዝግጅቱ በአገር ውስጥ ሆነ። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፥ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 ተከፈቱ። መምህራኑ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፥ ተማሪዎቹ የሎንዶን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ይቀመጡ ነበር። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች ትልቁ ነገር አዳሪ መሆናቸው ነው፤ ከጠቅላይ ግዛት የሚመጣ የድኻ ልጅ ፈተናውን ካለፈ ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ነበር። በዚሁ ዘመን አፈወርቅ ተክሌ ማዕድን ሊማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ፥ በዚያ በአዳሪ ትምህርት ቤት ከቈየ በኋላ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ፤ ላኪዎቹ አልተቈጡም ይባላል። በአዲስ አበባም በነጻነት ማግስት ሊሴ ገብረ ማርያምና የእንግሊዝ ትምህርት ቤት የተባለው፥ የዛሬው ሳንፎርድ፥ ተቋቋሙ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲግሪ በአገር ውስጥ፥ ሁለተኛው ባሕር ማዶ የሚገኝ ሆነ።

ለኛ አውራጃ የውጭው ዓለም በእግሩ የመጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከ270 በላይ የሰላም ጓድ አባላት ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የአንዳችን አያት ከነዚህ መምህራን በአንዱ እጅ ተምረዋል፤ «ስሜን ሲጠራ እስቅ ነበር፤ እኔም ስሙን ስጠራ እርሱ ይስቅ ነበር» ሲሉ አጫውተውናል። ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከትምህርታቸው አንድ ዓመት ቀንሰው በየገጠሩ የሚያስተምሩበት አገልግሎት ተጀመረ። በጎበዝነቱ የታወቀ የ12ኛ ክፍል ልጅም በአዲስ አበባ ወደ በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ተመርጦ ይገባ ነበር፤ ይህን ያገኘ ልጅ በመንደሩ እንደ ሙሽራ ይሸኝ ነበር አሉ።

በደርግ ዘመን አቅጣጫው ወደ ሞስኮ፥ ወደ በርሊንና ወደ ሃቫና ዞረ። በሶማሊያ ጦርነት ወላጅ ያጡ ሕፃናት በሺህ እየተቈጠሩ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ በስፓኝኛ ተማሩ። ይህም እንደ ኦኔሲሞስ ያለ ሌላ መሄድ ነው፤ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ከአብዮቱ ደም መፋሰስ በኋላ ለትምህርት የወጣው ሰው ብዙው አልተመለሰም። በ1920ዎቹ ሄዶ አለመመለስ የሚያሳፍር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሄዶ መመለስ የሚያስገርም ሆነ።

ዛሬስ? የአዲስ አበባ ሀብታም ሰው ልጁን በዓለም አቀፍ ሥርዐት ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ይሰዳል፤ ልጁም የካምብሪጅን ወይም የዓለም አቀፍ ባካሎሬት ፈተና ይፈተናል፤ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች በዶላር የሚከፈልባቸውም አሉ። የሻንግሃዩ አባት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ፥ በሚቀጥለውም ዓመት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ጥቂት ከፍ ቢልም፥ ያ ውጤት የተለጠፈበትን ቀን በትምህርት ቤታችን ግቢ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ ወፍ እንኳ የሚጮኽ አይመስልም ነበር።

እርግጥ፥ ለኛ ቅርብ የሆነ ነገርም መጥቷል። መቱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዚሁ ከተማ አለ፤ አያቶቻችን ይህን አላሰቡትም። ከወላጆች መካከል ግን ልጃቸውን በአዲስ አበባ ከዘመድ ቤት አስቀምጠው በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጥቂቶች አይደሉም። ከክፍላችን ሁለቱ እንዲህ ሄዱ። አንዱ በበዓል ሲመጣ እንግሊዝኛው እንዳማረለት አየን፤ ከአያቱ ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገር ግን ቃል እየጐደለው ይቆም ነበር። ኦኔሲሞስ ትዝ አሉን። አስቴር ጋኖን ከየት ያገኝ ይሆን? እኛም ብንሆን ከብዙዎቻችን ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ሆኖ፥ ይህን በአማርኛ እየጻፍን፥ ፈተናውን በእንግሊዝኛ የምንፈተን ነንና በጓደኛችን መሳቅ አልቻልንም።

ከመካከላችን አንድ ጓደኛችን ዘንድሮ ወደ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል። ነገሩን አብረን ስንከታተል አንድ ነገር ተረዳን። ፈተናው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው፤ መመዝገቢያው በዶላር ነው፤ የብዙዎቹ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጋውም በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ቀን፥ ከልደት በዓላችን 6 ቀን አስቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ የአባቱ ቡና ተለቅሞ ገና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነበር። አባቱ ቡናው ደርቆ ገንዘብ እስኪሆን ከጎረቤት ተበደሩ፤ ልጁም ሌሊቱን በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። መልሱ የሚመጣው በመጋቢት ወር ነው፤ ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባ ገና አልመጣም ነበር።